ከዳሱ የጎደለው እንጨት

ስልኩ ሲጠራ ኢንስፔክተር ሔራን ጸሐዬ ከሲ.ኤም.ሲ ወደ መገናኛ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ቆማ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ደዋዩ ሳጅን ቱሉ ነው። ቱሉ ደግሞ በስልክ ሰላምታ ማብዛት አይወድም።

«እንጦጦ ላይ ሰው ሞቷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዳስ ተደርምሶባቸው። ገዳዩ አምኗል። እርስዎ መዝገቡን ካዩልኝ ነገ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

«ሟቹ ማን ናቸው?»

«ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። መምህር ወልደ ኢየሱስ ይባላሉ።»

ሔራን የተደገፈችውን ብረት ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ፖሊስ ስትሆን ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅባት፣ ቤቷ ድረስ መጥተው እንኳን ደስ ያለሽ ያሏትም እሳቸው ነበሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ «በዚህ ሳምንት ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ» ስትል ኖራለች። አሁን ልትሄድ ነው።

ግቢው ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ አስፋልቱ በሚታጠፍበት ዳገት ላይ ነው። ዳሱ መምህር ወልደ ኢየሱስ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈሩን ልጆች በነጻ ያስተምሩበት የነበረ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ ነፋስ እንዳይወስደው የተደረደሩ ትልልቅ ድንጋዮች። ምስጥ እንዳይበላቸው ቋሚዎቹ አልተቀበሩም፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበር የቆሙት። ፊቱ ክፍት ነው፤ ጀርባው በአሮጌ ሸራ ተጋርዷል። አሁን ሁሉም ነገር ወደ ቁልቁለቱ ተጋድሟል። አስከሬኑ ለምርመራ ተወስዷል፤ በቦታው የቀረው አንድ እግር ጫማና የተጨፈለቀ መነጽር ነው።

«ገፍቶ ጣለባቸው» አለ ቱሉ። «ወደ አሥር ሰዓት ነው፤ ዝናብና ነፋስ ነበር። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ሲደርስ እንድርያስ የሚባለው ልጅ ቆርቆሮውን እየጎተተ ነው። ‹እኔ ነኝ የገደልኳቸው› ይላል። ስምንት ሰው ሰምቶታል።»

«በምን ገደላቸው?»

«እሱን አይናገርም። ግን ቅዳሜ ሽምግልና ላይ ‹ይሄ ዳስ በላይዎ ላይ ይናድብዎት!› ብሎ የተራገመው እሱ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን እንፈልጋለን?»

ሔራን ተንበረከከች። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። አንዱም አልተሰበረም። አግዳሚዎቹም አልተሰበሩም። በግራና በቀኝ ጎን፣ ከአንዱ ቋሚ እግር ወደ ሌላው ቋሚ ራስ በሰያፍ የተመቱ እንጨቶች እንዳሉ ናቸው። ሸራውን ገልጣ ጀርባውን ስታይ ግን ሰያፍ የለም። ግራጫ በሆነው እንጨት ላይ፣ በአንዱ ቋሚ ግርጌና በሌላው ራስ፣ ፀሐይ ያልነካው የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጣ ያለ ቦታ አለ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት የሚስማር ቀዳዳ ይታያል።

«እዚህ አንድ እንጨት ነበር» አለች።

«ቢኖርስ? ጣሪያውን የተሸከሙት አራቱ ቋሚዎች ናቸው እኮ።»

ሔራን ዓይኗን ጨፈነች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። መምህር ወልደ ኢየሱስ ጫፍና ጫፋቸው በሚስማር የተያያዙ አራት ዱላዎች ይዘው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አቆሙና በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት፤ ቅርጹ ተጋደመ። «ስንት ጎን ተለወጠ?» «ምንም!» አለ ክፍሉ። «ታዲያ ምን ጠፋ?» እሳቸውም አምስተኛ ዱላ አውጥተው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አሰሩበትና ለሔራን ሰጧት። «ነይ ግፊው።» ባላት ጉልበት ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። ክፍሉ በሙሉ የሳቀባት ሳቅ እስከ አሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ።

«ቱሉ፣ ይሄን ዳስ ማንም አልገፋውም» አለች ተነሥታ። «ነፋስ ይበቃዋል። ያ እንጨት ከተነቀለ በኋላ የሚይዘው አልነበረም።»

ከዳሱ አጠገብ ባለው መደብ ላይ የጠመኔ ማስቀመጫ የወተት ጣሳ አለ። ከጠመኔዎቹ በላይ አራት የዛጉ ሚስማሮች ተቀምጠዋል። ጠምዘዝ ያሉ ሚስማሮች ነበሩ፤ አንድ ሰው በድንጋይ ቀጥቅጦ አቃንቷቸዋል። በቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ልጡ የተላጠ፣ ገና ያልደረቀ አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፏል።

«ይሄ የማን ነው?»

የሚያውቅ አልተገኘም።

የመምህሩ አንድያ ልጅ ሃይሚ ቤት ውስጥ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሔራን ገና ሳትጠይቃት ጀመረች።

«እኔንም ጻፊኝ። ‹አንድ ቀን ይሄን ዳስህን አፈርሰዋለሁ› ብዬው ነበር። ብርዱ ለሳንባው አይሆንም፣ እኔ ጋ ና ብዬ ለምኜው እምቢ ሲለኝ ነው።»

«መቼ ነው ያልሽው?»

«በየሳምንቱ» አለችና እንባዋ ወረደ።

ሔራን እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። ከዚያ ስለ ቅዳሜው ሽምግልና ጠየቀቻት።

«እንድርያስና ጋሼ ሕሩይ ወንድማማች ናቸው፤ ጎረቤቶቻችን» አለች ሃይሚ። «አባታቸው ይዞታውን ሲያካፍላቸው የሁለቱንም አራት ጎን በገመድ እኩል ለክቶ ነው። ጋሼ ሕሩይ ‹ጎናችን እኩል ነው፣ ምን ቀረህ?› ይላል። እንድርያስ ‹የኔ ያንሳል› ይላል፤ ግን ለምን እንዳነሰ ማስረዳት አይችልም። አራት ዓመት ተኳረፉ።»

«አባትሽስ የትኛው ልክ ነው አሉ?»

«የእንድርያስ ቦታ ወደ ገደሉ የተጋደመ ስለሆነ ጎኑ እኩል ቢሆንም ስፋቱ ያንሳል። አባዬ ያውቅ ነበር። አልነገራቸውም እንጂ። ‹እኔ ከነገርኳቸው አንዱ አሸንፎ፣ አንዱ ተሸንፎ ይሄዳል› አለ። እሱ እንደሆነ አሠራሩ ሌላ ነው…»

«አንዱ የሌላውን ወገን ይዞ ይከራከራል» አለች ሔራን።

ሃይሚ ቀና ብላ አየቻት። «አስተምሮሻል ማለት ነው። አዎ። ጋሼ ሕሩይ ቀድሞ ተነሣ። አባዬ ያቀረባቸውን አራት ዱላዎች አንስቶ ወደ ጎን አጋደማቸው። ‹ወንድሜ የሚለው ይሄን ነው። ጎኑ አልተነካም፣ ሆዱ ግን ጠቧል› አለ። እንዴት አድርጎ እንዳስረዳው! መሃል ላይ ድምፁ ተቆረጠና ተቀመጠ። እንድርያስ ተራው ሲደርስ አፉ ተሳሰረ። አራት ዓመት ያቃተውን ነገር ወንድሙ በአምስት ደቂቃ ተናገረለት። መቀለጃ አደረጋችሁኝ ብሎ ተነሣና አባዬን ተራገመ።»

«ሕሩይስ ተረታሁ አለ?»

«ጋሼ ሕሩይ? ከሚለው ቢሞት ይሻለዋል። ‹የተናገርኩት ስለታዘዝኩ ነው፣ አቋሜ እንዳለ ነው› ብሎ ወጣ።»

ሔራን ከሃይሚ ተለይታ ወደ ወንድማማቾቹ ድንበር ወረደች። በላይኛው ማዕዘን፣ ከቁጥቋጦው በላይ እንዲታይ ረዘም ያለ ችካል ቆሟል። ግራጫ፣ የደረቀ፣ ድሮ የተተከለ የሚመስል እንጨት ነው። ራሱ ላይ ግን ነጣ ያለ ቦታና ሁለት የሚስማር ቀዳዳ አለው። በክር ለካችው፤ ከዳሱ ቀዳዳ ጋር ልክ ነው። ከዚያ አምስት እርምጃ ወዲያ፣ በእንድርያስ በኩል፣ ቅጠል የተበተነበት ልል አፈር አገኘች። በእጇ ስትጭረው ምስጥ የበላው የአሮጌ ችካል ጉማጅ ወጣ።

ቱሉ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረውም። «አለቀ! ችካሉ አምስት እርምጃ ወደ ሕሩይ ቦታ ገብቷል። ማን ተጠቀመ? እንድርያስ! ሰኞ የሚነዳው ሚኒባስ ፍሬኑ ተበላሽቶ ሥራ አልወጣም፤ እዚሁ ነበር። መምህሩ እንደ ልማዳቸው ጠዋት ኪዳን ሲሄዱ ጠብቆ እንጨቱን ነቀለ፣ ችካል አደረገው። ዳሱም እንደተመኘው ወደቀ።»

«ጥሩ ተከራከርክ» አለች ሔራን ከልቧ። «አሁን ደግሞ የእንድርያስን ወገን ይዘህ ተከራከር።»

«እንዴ፣ እኔ ፖሊስ ነኝ እንጂ ጠበቃ ነኝ?»

«እንግዲያው እኔ ልሞክር።»

ሕሩይን ያገኘችው የለቅሶ ድንኳን ሲያስተክል ነው። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። አለባበሱ የተስተካከለ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። ወንበር የሚቆጥረው፣ ካህናቱን የሚቀበለው፣ ወጪ ወራጁን የሚያስተናግደው እሱ ነው።

«መምህሩን በደንብ ያውቋቸው ነበር፣ አቶ ሕሩይ?»

«አስተምረውኛል። አማርኛና ታሪክ ላይ ደህና ነበርኩ። ጂኦሜትሪ ሲሆን ግን ከክፍል እሸሽ ነበር» አለ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። «እመቤቴ፣ ወንድሜ… ብዙ ይፈረድበታል?»

«እሱ ያደረገው ይመስልዎታል?»

ሕሩይ ወደ ፈረሰው ዳስ ዞረ፤ ዓይኑ ጀርባው ላይ ከመድረሱ በፊት ግን መልሶ ወደ መሬት አየ። «አምኗል ይላሉ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሔራን በእሱ ግቢ በኩል ዞራ ወጣች። የማገዶ ክምሩ አጠገብ ትንሽ ቆም አለች፤ ከቤቱ ጓሮ ባለው ባሕር ዛፍ መሃልም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ጣቢያ ወረደች።

እንድርያስ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በየካ አባዶና በመገናኛ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ከታሰረ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም።

«በምን ገደልካቸው?» አለችው ሔራን።

«በአፌ።»

«በአፌ ማለት?»

«ይናድብዎት አልኩ፤ ተናደባቸው። እንዴት ይባላል ሌላ?» «ሰኞ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ስደርስ ነፋሱ መጣ። ዳሱ ጎንበስ ሲል አየሁት። ቀስ ብሎ ነው የተኛው፤ ሮጬ የምደርስ ነበር የመሰለኝ። ልጆቹ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው የሚመጡት፣ እሳቸው ብቻ ነበሩ ውስጥ። ቀና ብለው አዩኝ። ይቅርታ አላልኳቸውም። አልደረስኩም።»

«ችካሉን ለምን አነሣኸው?»

«የምን ችካል?»

ሔራን ፊቱን ረዘም አድርጋ ተመለከተች። ሰው በዚያ ፊት ሊዋሽ አይችልም ብላ አሰበች፤ ግን ሐሳብ ማስረጃ እንዳልሆነ ታውቃለች። ስትወጣ ዘበኛውን ሻይና ዳቦ እንዲያስገባለት አዘዘችው።

መምህር ወልደ ኢየሱስ የተቀበሩት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት፣ እንድርያስ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት፣ ሔራን ወደ ለቅሶው ድንኳን ይዛው መጣች። ሰንሰለት በእጁ ሲያዩ ለቀስተኞቹ አጉረመረሙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት አባ ወልደ ሐዋርያት ግን «ይግባ፣ እሱም ለቅሶ ደራሽ ነው» አሉ። ሃይሚ ከፊት ተቀምጣለች፤ ሕሩይ ከምሰሶው አጠገብ ቆሟል። ቱሉ ከዳሱና ከድንበሩ የመጡትን ዕቃዎች ሰሌን ላይ ደረደረ፤ ችካሉን፣ አራቱን ሚስማር፣ ያልደረቀውን እንጨት፣ ምስጥ የበላውን ጉማጅ።

«መምህሬን የገደለው ርግማን አይደለም፣ ግፊያም አይደለም» አለች ሔራን። «ይሄ እንጨት በዳሱ ጀርባ በሰያፍ ተመትቶ ነበር። ምንም ያልተሸከመ ይመስላል። ዳሱን ግን ወደ ጎን እንዳይጋደም የያዘው እሱ ብቻ ነበር፤ የግራና የቀኙ ሰያፎች የሚይዙት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ መምህሩ ኪዳን ሄደው ሳለ አንድ ሰው ነቀለው፤ ቦታው በሸራ ስለተሸፈነ ተመልሰው ሲመጡ አላዩትም።»

«ማነው እሱ?» አሉ አባ ወልደ ሐዋርያት።

«ሳጅን ቱሉ ማን ተጠቀመ ብሎ ጠየቀ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ችካሉ በመነሣቱ የሚሰፋው የእንድርያስ ቦታ ነው። እኔ ግን ነቃዩ ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሚስማሮቹን ነቅሎ አልጣላቸውም፤ አቃንቶ ጣሳ ውስጥ አስቀመጠ። አንድ እንጨት ስለወሰደ ሌላ እንጨት ቆርጦ፣ ልጦ፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። የሰው መሬት የሚሰርቅ የአንድ እንጨት ዕዳ ያስጨንቀዋል? ሊገድል የመጣስ ምትክ ያመጣል?»

«እንጨት ካለው ለምን ያንን ራሱን አልተከለም?» አለች ሃይሚ።

«እርጥብ ስለሆነ። እርጥብ እንጨት ትናንት የተተከለ መሆኑን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይናገራል። ሰውዬው አሮጌውን ችካል ነቅሎ ሊያዛውረው ሞክሮ ነበር፤ ምስጥ በልቶት ስለነበር መሃሉ ላይ ተሰበረበት። ስለዚህ ድሮ የነበረ የሚመስል የደረቀ እንጨት ፈለገ። ድንበሩ መነቃነቁን ማንም እንዲያውቅ አልፈለገም፤ ወንድሙም ጭምር።»

«ወንድሙ?» አለ እንድርያስ።

ሔራን ከሰሌኑ ሥር አንድ ተጨማሪ ነገር አወጣች፤ የአሮጌው ችካል ላይኛው ግማሽ ነበር። ከጉማጁ ጋር ስታጋጥመው ስብራቱ ልክ ገጠመ።

«ይሄን ዛሬ ጠዋት ከማገዶ ክምርዎ ውስጥ ነው ያገኘነው፣ አቶ ሕሩይ። እርጥቡ እንጨት የተቆረጠበት ጉቶም በጓሮዎ ነው ያለው። ቅዳሜ የወንድምዎን ወገን ይዘው ሲከራከሩ እውነቱ ገባዎት። በሰው ፊት ተረታሁ ማለት ግን ሞት መሰለዎት። ስለዚህ ማንም ሳያይ አምስት እርምጃ ከራስዎ ቆርሰው ለወንድምዎ ሰጡት።»

ሕሩይ ምሰሶውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አራቱን ዱላዎች ቅዳሜ ሰጡኝ» አለ። «የስፋቱ ነገር ገባኝ። አምስተኛውን ግን አላሳዩኝም።»

«ድሮ አሳይተውን ነበር» አለች ሔራን። «እርስዎ የሸሹ ቀን ይሆናል።»

ይህን ማለቷ ወዲያው ቆጫት። ሕሩይ ግን አልተቀየመም።

«ሰኞ ጩኸቱን ሰምቼ ሮጬ ስደርስ ወደ ዳሱ ጀርባ ማየት አልቻልኩም። ጠርጥሬ ነበር። ለራሴ ግን አልነገርኩትም። እሱ ‹እኔ ነኝ› ሲል ሰማሁት፤ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ።» ወደ እንድርያስ ማየት አቃተው። «ገድያቸዋለሁ ማለት ነው፣ እመቤቴ?»

ሔራን ልታለዝበው ትችል ነበር። ልቧም ፈልጎ ነበር። ከፊቷ የተቀመጠችው ግን አባቷን ትናንት የቀበረች ልጅ ናት።

«እንዲሞቱ አልፈለጉም። የሞቱት ግን እርስዎ በነቀሉት እንጨት ነው። የቀረውን ፍርድ ቤት ይወስናል።»

ቱሉ የእንድርያስን ሰንሰለት ፈታ። እንድርያስ እጁን እያሸ በተቀመጠበት ቀረ። «አፌ አይደለም ማለት ነው?» አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ሁለት ቀን የያዘውን ለቅሶ አለቀሰ። አባ ወልደ ሐዋርያት ትከሻውን ይዘው አብረውት አለቀሱ።

ሕሩይን ወደ መኪናው ሲወስዱት ሃይሚ ተከትላ ወጣች። ሁሉም ትጮህበታለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም።

«ጋሼ ሕሩይ፣ ለምን አልጠየቅከውም?» አለችው። «ስጠኝ ብትለው እኮ ይሰጥህ ነበር። ‹ያንን ተው፣ ይሄኛውን ውሰድ› ይልህ ነበር።»

«ብጠይቃቸው» አለ ሕሩይ፣ «ለምን እንደፈለግኩት ይጠይቁኝ ነበር።»

ሃይሚ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

ሔራን ከፊት ተቀመጠች፤ ሕሩይ ከኋላ ገባ። ቱሉ ሞተር ሊያስነሣ ሲል የኋላው በር ተከፈተ። እንድርያስ ነው።

«አንተ ተፈተሃል፣ ወደ ቤትህ ሂድ» አለው ቱሉ።

እንድርያስ አልሰማውም። በሩን ይዞ ቆሞ ወንድሙን እያየ ነበር።

«ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልከኝ።»

«አዎ» አለ ሕሩይ።

ቱሉ ምን ላድርግ በሚል ዓይን ወደ ሔራን ዞረ። ሔራን ፊት ለፊት መንገዱን ትመለከት ነበር፤ እንባዋን እንዲያዩባት አልፈለገችም።

እንድርያስ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገባ።

«ጠጋ በል» አለው።